የጾም ቅቤ ይዤ ወደ ዳባት

ሐሙስ፤ ከአዲስ አበባ ደባርቅ

በገና ጾም እኩሌታ ላይ አንድ ካርቶን ሙሉ የጾም ቅቤ ይዤ ወደ ጎንደር በረርኩ። የሄድኩት ለተዝካር ነው። ሟቹን በሕይወት ሳሉ አላውቃቸውም። የማውቀው ልጃቸውን ውባለምን ነው፤ ምግብ ቤቴን ከከፈትኩ ጀምሮ አብራኝ የሠራች፣ ዛሬ የወጥ ቤቴ ኃላፊ የሆነች የዳባት ገጠር ሴት ናት። የአባቷ ሙት ዓመት የዋለው ጾም ውስጥ ነበርና አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ሼፍ፣ የአባቴን ተዝካር ላወጣ ነው። ወንድም የለኝም። ምግቡን አንተ ብትሠራልኝ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ። ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ እሺ አልኳት።

እሺ ያልኩት ለእሷ ብዬ ብቻ ነው ብል ግን ውሸት ይሆናል። ጾም ጠንቅቆ በሚያውቅ አገር፣ በካህናት ፊት፣ የሠራሁትን ምግብ አቅርቤ ማየት እፈልግ ነበር። ሥራ የጀመርኩት በአንድ ሆቴል ሥጋ ክፍል ውስጥ ነው። ጾም ሲገባ ክፍሉ ጭር ይልና እኔ ወደ በያይነቱ እዛወራለሁ። የዓመቱን ግማሽ ያህል በሚጾም አገር ውስጥ ምግብ ቤት ሁሉ ጾሙ እስኪያልፍ ቀን የሚቆጥር መሆኑ ያናድደኝ ነበር። ስለዚህ ቅቤን ቅቤ የሚያሰኘው ላሟ ናት ወይስ ቅመሙ ብዬ ጠየቅኩና ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ በአትክልት ዘይት ማንጠር ጀመርኩ። ስንት ድስት እንዳቃጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ሁዳዴ የቤት አከራዬ «በጾም ቅቤ ታነጥራለህ?» ብላ በሬን በቡጢ ስትደበድብ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ከዚያ ምግብ ቤቱ መጣ፤ ከስንዴ የምሠራው «ሥጋ» ተከተለ፤ ቅቤዬም በየሱፐርማርኬቱ ተደረደረ። እኔ ራሴ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ከተውኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ኤርፖርት ላይ ፈታሿ ካርቶኑን አስከፈተችኝ።

«ምንድን ነው?»

«የጾም ቅቤ።»

«ቅቤ ሆኖ እንዴት ነው የጾም የሚሆነው?» አለችና አንዱን ማሰሮ ከፍታ አሸተተች። ከዚያ ጓደኛዋን ጠርታ አስሸተተቻት። በመጨረሻ አሳለፉኝ፤ እኔም ጉዞዬ በምስጋና እንደተጀመረ ቆጠርኩት።

ከጎንደር በሚኒባስ ወጣን። ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ላይ አራት ሆነን፣ በጉልበቴ ላይ ካርቶኑ፣ በካርቶኑ ላይ የማላውቃት ሴት ዘንቢል። ኮሶዬ ላይ ሹፌሩ ጎማ ሊያይ ሲቆም ሁሉም ወርዶ ገደሉን ፎቶ ያነሳል፤ የእኔ ዓይን ግን የሚሄደው ማሳው ላይ ነው። ባቄላው ታጭዷል፣ ገብሱ ተከምሯል፣ ተልባው ገና ቆሟል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ምሳ ስንበላ ከሽሮው ጎን ስልጆ ቀረበልኝ፤ ባቄላ በሰናፍጭ የተብላላ ነው። ሰናፍጩ እንባዬን አወረደው። የከፈልኩት አዲስ አበባ ለአንድ ማኪያቶ ከምከፍለው ያንሳል። ይህን ስልጆ በማሰሮ አሽጌ ብሸጠው ብዬ እስከ ዳባት ድረስ አሰብኩ፤ ሙያዬ እንዲህ ነው፣ በልቼ ዝም ማለት አልችልም።

ውባለም የቀጠረችኝ ደባርቅ ገበያ ስለነበረ ዳባትን አልፈን ሄድን። ደባርቅ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ብርዱ ግን እጅጌ ውስጥ ይገባል። ያደርኩበት ሆቴል ሰሜን ተራራ በሚወጡ ቱሪስቶች የሚተዳደር ነው። አብሳዩን አገኘሁትና እንደ እኔ ቪጋን የሆነ፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የማይበላ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚያቀርብ ጠየቅኩት።

«ፓስታ በቲማቲም» አለኝ።

«ሲሰለቻቸውስ?»

«ሩዝ በቲማቲም።»

«ሽሮ አትሰጧቸውም?»

«ሽሮማ የኛ ምግብ ነው እንጂ የቪጋን ምግብ ነው እንዴ?» ብሎ አየኝ። ይህን አገር ገና ብዙ እንደምሠራበት አሰብኩ።

ዓርብ፤ ከደባርቅ ወደ ዳባት ገጠር

ጠዋት ውባለም ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ገበያው በር ላይ ጠበቀችኝ። አዲስ አበባ በነጭ ኮፍያና ሽርጥ የማውቃት ሴት እዚህ ሌላ ሰው ናት፤ አረማመዷ ረጅም፣ አነጋገሯ ዘገም ያለ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሱፍ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ሁለት ትልልቅ አዲስ የብረት ድስት ገዛን። ዕቃውን በአይሱዙ ዳባት አድርሰን፣ እዚያ ሁለት አህያ ይዘው የጠበቁንን አጎቷን ጋሽ ፈንታሁንን አገኘን። የሟቹ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ካፋቸው ላይ ቀልድ የማይጠፋ ሰው።

መንገዱ ከከተማው ወጥቶ በተከመረው ገብስ መሀል ይቆርጣል፤ ከፊታችን የሰሜን ተራሮች በሰማያዊ ተደርድረው ይታያሉ። ጋሽ ፈንታሁን አህያዎቹን እየነዱ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ።

«ሁሌ ነው አሉ እምትጦም።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ቅዳሜ እሑድም?»

«ቅዳሜ እሑድም።»

«ፋሲካስ?»

«ፋሲካም።»

ቆሙ። አህያዎቹም ቆሙ። «ወይ ጉድ! እንግዲያ ያንተ ጦም መያዣ እንጂ መፍቻ የለውም በለኛ!» ብለው ሜዳውን በሳቅ ሞሉት። ውባለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አብራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ በማግስቱ ሲቀምሱ እንገናኛለን እያልኩ በሆዴ።

ቅዳሜ፤ የተዝካሩ ቀን

ዳሱ ከንጋት ጀምሮ ተሞላ። ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን ተደርሶ ካህናቱ እስኪመጡ ድረስ እኔና ውባለም ከመንደሩ ሴቶች ጋር በሁለቱ የብረት ድስት የስንዴ ሥጋ ወጥ ሠራን። የመጨረሻ ማጣፈጫው የጾም ቅቤዬ ነው። ሽታው ሲነሳ ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዷ «እመ ብርሃን!» አለች። ውባለም ማሰሮውን እያዞረች አሳየቻቸው፤ ቅመሙን አንድ በአንድ ቆጠረችላቸው።

ካህናቱ ከሕዝቡ ተለይተው በውስጥ ቤት ነው የሚቀመጡት። የእነሱን ወጥ በሸክላ ድስት ማቅረብ ፈለግኩ። ለክብራቸው ብዬ ነው፤ ደግሞም በስልኬ ስለምቀርፀው ሸክላ ያምራል። የውባለም እናት የሸክላ ድስት ትንሽ ነበር። ስለዚህ ወደ ጎረቤቷ ወደ እመት ጥሩወርቅ ቤት ገባሁ። እሷ ራሷ ዳባት ታማሚ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳለች፤ ያገኘሁት በቅርብ ያገባችውን ምራቷን ነው። ከምድጃው ራቅ ብሎ በጥጉ በኩል ጥቂት ድስቶች አፋቸው ወደ መሬት ተደፍተው ተቀምጠዋል። አንዱ ጠቁሮ፣ ወዝቶ፣ እንደ መስታወት ያበራል። እንዲህ ያለ ድስት በሕይወቴ አላየሁም።

«እህቴ፣ ይሄን ላንድ አፍታ ስጪኝ።»

ልጅቷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። «እሱን?»

«አዎ፣ እሱን። በጣም ጥሩ ድስት ነው።»

«እማማ ሳይመጡ...»

«እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አታስቢ።»

መሬት መሬት አየችና ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት። ድስቱን ራሴ በፈላ ውኃ አጠብኩት፣ ራሴ አሞቅኩት፣ ወጡን ራሴ ገለበጥኩበት። እሳት ላይ ትንሽ እንዲንተከተክ ትቼ ክዳኑን ስከፍት ውባለም አጠገቤ ነበረች፤ እንፋሎቱ ፊታችን ላይ ወጣ፤ ተያይተን ፈገግ አልን።

በውስጥ ቤት አምስት አገልጋዮች ተቀምጠዋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። ታላቁ ቄስ አድማሱ ናቸው፤ ቀጭን፣ ፂማቸው የነጣ፣ ሟቹን ንስሐ ያስገቡና የቀበሩ፣ ውባለምን ክርስትና ያነሱ አባት። ድስቱ መሀል ቀረበ። ስልኬን አነሳሁ። ባርከው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱ፤ ልማዱ ነው፣ ታላቁ ሳይቀምስ ሌላው አይዘረጋም። አኘኩ። ዋጡ። ከዚያ የዲያቆናቱ እጅ ሲዘረጋ መዳፋቸውን ድስቱ አፍ ላይ ጋረዱ። የሁሉም እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ይህ ምንድን ነው?»

መልስ ሳልሰጥ ጋሽ ፈንታሁን ከበሩ ገቡ። ጎንበስ ብለው ድስቱን አሸተቱና ቀጥ አሉ። «ቅቤ! የላም ቅቤ! በወንድሜ ተዝካር ቄሱን አስገደፋችኋቸው!»

ያ ድምፅ ዳሱን ሁሉ አዳረሰ። የውጪው ጫጫታ ባንዴ ጸጥ አለ። ጠላ የምትቀዳ ሴት ጋኗን እንዳዘነበለች ቀረች። ክው አልኩ። የውባለምን ፊት ሳይ ደግሞ የባሰ ደነገጥኩ፤ ደሟ ከፊቷ ሸሽቷል። ጾም ያስገደፈ ተዝካር ከተባለ የአባቷ ስም እስከ ዘላለሙ በዚህ ይነሳል፤ እሷም ዳግመኛ ይህን መንደር አትረግጠውም።

ቀጥሎ ያደረግኩት ሙያዬ የሚያውቀውን ነው። «ዱቄት አምጡ፣ ውኃ አምጡ» አልኩ። በካህናቱ ፊት፣ በር ላይ በተጠቀጠቀው ሰው ፊት፣ የስንዴ ሊጥ አቦካሁና በውኃ ውስጥ ማጠብ ጀመርኩ። ነጩ እየወጣ ውኃው ወተት መሰለ፤ እጄ ላይ እንደ ጅማት የሚለጠጥ ነገር ቀረ። ሰው ተንጫጫ። ሳብኩት፣ አልበጠስ አለ። አንዷ ሴት ነካችውና እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ማሰሮዬን ከፍቼ ቅመሙን አሳየሁ፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸተው ኮሰረቱ ነው አልኩ። አፌ አላቆመም። በመጨረሻ ቄስ አድማሱ የያዙት መስቀል ላይ እጄን ጫንኩና፣ «አንዲት ጠብታ የእንስሳ ነገር የለበትም! በዚህ መስቀል!» ብዬ ማልኩ።

«አትማል፣ ልጄ» አሉ። ግን ምዬ ጨርሻለሁ።

ማሰሮውን ተቀብለው አሸተቱት። ድስቱን አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስንዴ ሲታጠብ ሁላችሁም አይታችኋል። ሕዝቡ ከብረት ድስቱ ይብላ፤ ጸሎቱ ደርሷል፣ ሟቹን ነፍስ ይማር በሉ። ለእኛ ግን ሽሮ አምጡልን፤ የለመድነው ይሻለናል» አሉ። ዲያቆናቱ ሸክላውን ድስት ገፋ አደረጉት። የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ ትንሽ ከፋኝ፤ ሆኖም ቀኑ ተርፏል።

ተርፏል ብቻ አይደለም። ሰው እየቀመሰ ይጮህ ጀመር። ጋሽ ፈንታሁን ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉና አንገቴን አቅፈው፣ «ይቅር በለኝ የኔ ልጅ፣ ተሳስቻለሁ! አጥንቱን ብቻ ነው የረሳኸው!» አሉኝ። ሰው ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። ውባለም ከሩቅ አይታኝ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ቀን የበለጠ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ ጀምበር ስታዘቀዝቅ

ሰዉ ተበትኖ ዕቃ ሳጥብ እመት ጥሩወርቅ መጣች። ከዳባት መመለሷ ነው፤ አቧራዋን እንኳ አላራገፈችም። ሸክላ ድስቷን መሬት ላይ አየችና ጎኑ ተቀመጠች።

«የኔን ድስት ማነው ያወጣት?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ይቅርታ፣ ከምራትዎ ለምኜ ነው። ለካህናቱ...»

«ለካህናቱ?» ድምፅዋ ወረደ። «በዚች እኮ ነው የፋሲካ ዶሮ እምሠራ። ስንት ዘመን ቅቤ የጠጣች ናት! የፍስክ ድስት ናት እኮ! ጦም ሲገባ ደፍቼ ነው ያስቀመጥኳት!»

«አጥቤዋለሁ» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ራሴ ሰማሁት።

«ሸክላ ይታጠባል እንዴ?»

ሸክላ ስብ እንደሚጠጣ ለወጥ ቤት ሠራተኞቼ የማስተምር ሰው ነኝ። በምግብ ቤቴ ግን ከብረት ሌላ ድስት የለም፤ ፍስክ የሚገባበት ቤት ስላልሆነ የፍስክ ድስት የሚባል ነገር ከሐሳቤ ከወጣ ዘመን ሆኖታል። የተደፋ ድስት ሳይ አቧራ እንዳይገባበት ነው ብዬ ነበር። የፈላ ውኃ አምጥቼ በድስቱ ሞላሁና ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይቶ ውኃው ላይ ቢጫ ክብ ክብ የስብ ነጥብ ተንሳፈፈ። አንድ ሁለት ሳይሆን ብዙ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መስቀል ይዤ የማልኩት እጄ አሁንም እርጥብ ነው።

እመት ጥሩወርቅ አማተበች። «ቄስ አድማሱ በልተውባታል?»

«አንድ ጉርሻ።»

«ነገ እኮ ቀዳሹ እሳቸው ናቸው። ያሉን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ናቸው። አምስት ካልሞሉ ቅዳሴ የለም።»

ድስቷን እንዳትነካው፣ ለሰውም እንዳትናገር ለምኛት ወደ ቄሱ ቤት ሄድኩ። የሄድኩ ሳይሆን የሮጥኩ ነበር። ቄስ አድማሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃቸው ላይ በድንጋይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ወደቅኩና ድስቱን፣ ምራቷን፣ ውኃውን፣ ስቡን ሁሉንም ነገርኳቸው።

አላቋረጡኝም። ሳበቃ፣ «ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ያንተ ማሰሮም ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ምላሴ ለየው ለማለት አልደፈርኩም።»

«ታዲያ ነገ እንዴት ሊገቡ ነው፣ አባቴ?»

«አልገባም። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው መንበሩ ፊት አይቆምም። ከማዶው ደብር ቄስ እንዲመጣልን ከቀትር ጀምሮ ሰው ልኬያለሁ።»

እኔ ዳሱ ውስጥ እየታቀፍኩ ስስቅ እሳቸው መልእክተኛ ልከው ነበር። «ለምን እዚያው አልተናገሩም?» አልኩ።

«ምን ብዬ? ባላረጋገጥኩት ነገር ያንን ሁሉ ሰው ላስነሣ? ዓመት ሙሉ የተዘጋጁበትን ተዝካር ላፈርስ? ልጅቱስ? ክርስትና ያነሣኋት ልጅ ናት።»

«አሁን ግን ተረጋገጠ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት እናገራለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አትናገርም።»

«በሐሰት ምያለሁ፣ አባቴ!»

«ለመሐላው ንስሐ ትገባለህ። አውቀህ አይደለም፤ ግን ስትምል ቸኩለሃል። ብትናገር ግን የሚወድቀው ባንተ ላይ አይደለም። አንተ ሰኞ አውሮፕላንህ ላይ ትወጣለህ። እዚህ የሚቀረው የሟቹ ስም፣ የልጅቱ ስም፣ የዚያች ምራት ስም ነው። ጥሩወርቅን እኔ አነጋግራታለሁ። ያንተ ቀኖና ዝም ማለት ነው፤ ከበደህም ተሸከመው።»

እሑድ፤ ቅዳሴ

ብርዱ ሣሩን አንጥቶታል። ከማዶው ደብር ያመጡት ወጣት ቄስ ነው፤ አምስቱ ሞሉና ቅዳሴው ገባ። ቄስ አድማሱ ግን ከወንዶቹ ጋር ውጪ፣ ከጥዱ ሥር፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። የመንደሩ ሰው እሳቸውን ከመቅደስ ውጪ አይቷቸው አያውቅም። ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነበር።

ሹክሹክታው ከጀርባዬ ተጀመረ። «ምን ነካቸው?» «ታመው ይሆን?» «የታመመ ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል?» ጋሽ ፈንታሁን አጠገቤ ነበሩ፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ትናንት ጠላው በዝቶባቸው ይሆናል፤ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ» አሉኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኒህ ሰው አንድ ጉርሻ ቀምሰው እጃቸውን የሰበሰቡ ናቸው! አፌን ከፈትኩ። ቄስ አድማሱ ከፊት ሆነው አንገታቸውን ትንሽ ዞር አደረጉና አዩኝ። የሰሙ ይመስለኛል። አፌን ዘጋሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ሕዝቡ ሲወጣ መስቀል ሊሳለም የሚጠጋቸው ሰው ከሌላው ጊዜ ያነሰ ነበር። እኔ ስጠጋ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉና፣ «መንገድህን ይባርክልህ» ብቻ አሉኝ።

ሰኞ፤ መመለስ

ከዳባት ጎንደር ድረስ ከማንም ጋር አላወራሁም። ጎንደር መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የቀረፅኩትን አየሁት። ምስሉ በእውነት ያምራል፤ ጥቁሩ ድስት፣ እንፋሎቱ፣ ባራኪው እጅ። ከዚያ ያ እጅ ድስቱን ሲጋርድ ይታያል። ለማስታወቂያ ብዬ ነበር የቀረፅኩት። አጠፋሁት። አዲስ አበባ ስገባ የተረፈውን ካርቶን ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ፤ ፈታሽም አሸታችም አልነበረም።

ሥራው ጠበቀኝ። ሱፐርማርኬቶቹ ቅቤ ይፈልጋሉ፣ ጾሙ ገና አልተፈታም፣ ምግብ ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል። አንድ ደንበኛ ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ፣ «ሼፍ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ይሄ ሥጋ ነው አይደል?» ብሎ ሳቀ። ዓመታት ሙሉ ይህን ጥያቄ ለመስማት ስደክም የኖርኩ ሰው፣ ወደ ምድጃው ዞርኩ።

ውባለም በሳምንቱ ተመለሰች። ስልጆ በማሰሮ አምጥታልኛለች። ኮፍያዋን አደረገች፣ ቢላዋዋን አነሳች፣ ሽንኩርት ጀመረች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ሼፍ፣ እሑድ አባታችን ለምን ነው ውጪ የቆሙት?» አለችኝ። «አገሩ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። አጎቴ ጠላ ነው ብለው ነው ያስወሩባቸው። እኔ ጠላ ሲነኩ አላየሁም። አንተ ከሳቸው ጋር ተነጋግረሃል አሉ።»

ቀኖናዬ ዝምታ ነበር። ለአገሩ ሁሉ ዝም ማለት ችያለሁ፤ ለእሷ ግን፣ ፊት ለፊት ጠይቃኝ፣ አልቻልኩም። ድስቱን ነገርኳት፤ የእመት ጥሩወርቅን፣ የስቡን፣ የቄስ አድማሱን ቃል ጭምር። ሽርጧን ፈታ የምትወረውርብኝ መሰለኝ። ተዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «የሸክላውን ክዳን ስትከፍተው አጠገብህ ነበርኩ» አለች።

«አዎ።»

«የላም ቅቤ ሸተተኝ። ያገሬ ቅቤ፤ ከልጅነቴ የማውቀው፣ የፋሲካው። ያንተ ቅቤ እንዲያ ሸትቶ አያውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ዛሬስ ሼፍ በጣም ተሳክቶለታል ብዬ ደስ አለኝ።»

ውባለም በጾም ቀን ቅቤ ከሸተተ ሰው ክው ብሎ ከድስቱ በሚሸሽበት ቤት ውስጥ ያደገች ሴት ናት። ወጥ ቤቴ ከገባች ጀምሮ ስንት ጊዜ ማንኪያ አፍንጫዋ ላይ አስጠግቼ «ቅቤ ሸተተሽ? ሸተተሽ?» እንዳልኳት፣ አዎ ስትለኝም ስንት ጊዜ እንዳጨበጨብኩላት ታወሰኝ። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ለሚለኝ መልሴ ይኸው ነው፤ የላም ቅቤ ሲሸታት እንዳትደነግጥ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።